በነጭ አቡጀዲ የተሸፈኑት ኮምፒውተሮች

እንዲጻፍልኝ የምፈልገው በደል ይሄ ነው። ተጠግነው የሚሠሩ ኮምፒውተሮች በትምህርት ቤታችን አንድ ክፍል ውስጥ ከታኅሣሥ እስከ መስከረም ተቆልፎባቸው ከረሙ። የልጅ ልጄ አንዱንም ሳትነካ በኮምፒውተር የሚሰጠውን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈተነች። የሰረቀ የለም፣ የሰበረም የለም። ለዚህ ነው በደል ነው ስል ሰው የሚገርመው። ዛሬ ክፍሉ ክፍት ነው፣ ልጆች ይገቡበታል። «እማማ ይተዉት፣ አለፈ እኮ» ይሉኛል። ለእነሱ አልፏል።

እኔ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። አነባለሁ፣ እጽፋለሁ፤ ከዚያ በላይ አልሄድኩም። ልጄ ዐረብ አገር ስትሄድ የሦስት ዓመት ሕፃን ትታልኝ ነበር፤ አረቄ እያወጣሁ ያሳደግኋት እሷን ነው። በእሷ ምክንያት የትምህርት ቤቱ የወላጅ ኮሚቴ ውስጥ አስገቡኝ። ውጭ ሆኜ ከምጮህ ውስጥ ሆኜ ብጮህ ይሻላል ያሉ ይመስለኛል።

ኮምፒውተሮቹ የመጡት በአይሱዙ ተጭነው ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት የራሱን በአዲስ ሲቀይር አሮጌዎቹን ለእኛ ሰጠ። ሸራው ሲገለጥ አቧራ የጠጡ፣ ገመዳቸው የተቆረጠ፣ አብዛኞቹ ቢሰኩ የማይነሱ ነበሩ። የጠገነቻቸው አንዲት የቴክኒክ ኮሌጅ መምህርት ናት። እሷም ዐረብ አገር የሰው ቤት ስትሠራ ኖራ የተመለሰች ናት፤ ሙያውን የተማረችው ከመጣች በኋላ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎቿን ይዛ ያለ ክፍያ ትመጣለች። ከሦስት ከሞቱት ደኅና ደኅናውን ዕቃ እያወጡ አንድ የሚሠራ ያደርጋሉ።

አንድ ቅዳሜ የልጅ ልጄ እየሮጠች መጣች።

«እቴቴ፣ መምህርቷ ዳግም አረቄ ካላቸው ይላኩልኝ ብላለች።»

«በጠዋቱ?»

«ለመጠጥ አይደለም። ኪቦርድ ልታጥብበት ነው። በውኃ ከታጠበ ይበላሻል።»

ሁለቴ የወጣውን፣ ብርቱውን አረቄ በጠርሙስ ሞልቼ ራሴ ይዤ ሄድኩ። በትምህርት ቤቱ በር ላይ ጥበቃውን ሸተተው።

«እማማ፣ ለሰው በመለኪያ፣ ለብረት በጠርሙስ ሆነ?»

«ብረቱ ጠጥቶ አይሳደብም። አንተ ስትደግም ሚስትህ እኔ ዘንድ መጥታ ነው የምታለቅሰው» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜን አልቀረሁም። ከደጋው ብርድ ጋር መስኮት ከፍተን፣ ጥጥ በአረቄ እየነከርን እናሻለን። የማናውቀው ሰው የእጅ እድፍ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። በቁልፎቹ መካከል የዳቦ ፍርፋሪ አገኘሁ፤ የት አገር እንደተበላ እንጃ። የድሮው መሥሪያ ቤት የለጠፈውን ወረቀት በጥፍሬ ፋቅኩት። የመጨረሻው ተነሥቶ ሲበራ መምህርቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እጇን በጉልበቷ ላይ ጠረገች።

ከዚያ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ርዕሰ መምህሩ ክፍሉ ተመርቆ ይከፈት አለ። የዞኑ ትምህርት ቢሮ ኃላፊ ይጋበዛሉ፣ ሪባን ይቆረጣል፣ በግ ይታረዳል። ሦስት ሳምንት ነው፤ እስከዚያ ልጅ ገብቶ ከነካካው እንግዳ ፊት እንዋረዳለን አለ። በእኛ አገር ያልተመረቀ ነገር አይነካም። ድልድይም ቢሆን፣ የውኃ ቧንቧም ቢሆን እንግዳ ይጠብቃል። ተስማምታችሁ እንደሆነ እጅ አውጡ ተባለ።

እኔም እጄን አወጣሁ። ይሄንን አልደብቅም። ያቺ መምህርት በሰው ፊት ተጠርታ እንድትመሰገን ፈልጌ ነው። የደከመ ሳይመሰገን ሌላው ሪባን ሲቆርጥ ብዙ አይቻለሁ፤ ይሄኛው እንኳ ትክክል ይሁን ብዬ ነው።

በሩ ላይ ቀይ ሪባን ታሰረ። ኮምፒውተሮቹ አቧራ እንዳይነካቸው ነጭ አቡጀዲ ለበሱ።

ጥር ላይ ኃላፊው ስብሰባ ሄደዋል ተባለ። የካቲት ላይ ሁዳዴ ገባ፤ በጾም ምን እናበላቸዋለን፣ ከፋሲካ በኋላ ይሁን ተባለ። በዚያው ሰሞን የዘንድሮ ፈተና በኮምፒውተር ነው የሚል ወሬ መጣ፤ ወሬው እውነት ሆነ። በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ።

«ክፍሉን ክፈትላቸው፤ እጃቸው ይልመድ።»

«እማማ፣ ሳይመረቅ?»

«ምርቃቱ ይደርሳል፤ ፈተናው አይጠብቅም።»

መሳቢያውን ከፍቶ ቃለ ጉባኤውን አወጣ። «ይኸው፣ እርስዎም እጅዎን አውጥተዋል። ፊርማዎ ነው አይደለም?»

ፊርማዬ ነው። ጠማማ ቢሆንም የእኔ ነው። እንደገና ይሰብሰቡልኝ አልኩ፣ ተሰበሰቡ። ከአጠገቤ የነበሩት አባት «ከላይ ሳይመጡ ብንከፍት ንቀት ይሆንብናል» አሉ። ሌላው «ቅሬታ እንዳናተርፍ አንቸኩል» አለ። በዚህኛው እጄን ያወጣሁት ለብቻዬ ነው።

ለሁሉም እኩል ቢሆን ዝም እል ነበር። አባታቸው ላፕቶፕ ያላቸው ልጆች ቤታቸው ይለማመዳሉ። እኔ ግቢ ቤት የተከራዩት፣ ከገሳይ ገጠር ስንቃቸውን ይዘው የመጡት ሁለት ሴት ልጆችና የእኔዋ ግን በመስኮት ያያሉ። ደብዳቤ የሚጻፍበት ሱቅ ሄጄ ለመንኩ፤ ባለቤቱ ማሽኑ ለደንበኛ አልበቃኝም አለ።

መምህርቷ ለእኔዋ አንድ የሞተ ማውስ ሰጠቻት፤ ሌላ ምን ታድርግ፣ ቁልፉ እሷ ዘንድ አይደለም። የልጅ ልጄ ደብተሯን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ማውሱን በላዩ ላይ ትገፋለች፤ በጣቷ ጠቅ ታደርጋለች።

«አሁን ምን ሆነ?» እላታለሁ።

«መልሱን መረጥኩ።»

«ትክክል ነው?»

«እቴቴ፣ ደብተር ነው እኮ።»

ሁለቱ የገሳይ ልጆችም ተራ ይይዛሉ። ሦስት ልጅ በአንድ የሞተ ማውስ። ስቄ ነበር፤ አሁን ሳስበው አያስቅም።

ግንቦት ላይ ኃላፊው ተዛወሩ፤ አዲሱ ሥራውን እስኪረከቡ ይጠበቅ ተባለ። ከዚህ በኋላ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አላውቅም። ጉልበቴ ያውቀዋል። ጥበቃው ሲያየኝ ገና ከሩቅ «አልመጡም፣ እማማ» ማለት ጀመረ። መጀመሪያ በቀልድ ነበር፤ ኋላ ግን ፊቱን አዙሮ ነው የሚለኝ።

ሐምሌ ላይ ተማሪዎቹን ለፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲው አስገቧቸው። ስትመለስ ፍራሿን መሬት ጥላ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀመጠች። ስክሪኑ ላይ ያለችው የማውሱ ቀስት እየሸሸችባት፣ አንዱን ስትነካ ሌላው እየተከፈተባት፣ መምህር ለመጥራት እጇን ስታወጣ ሰዓቱ እያለቀባት ነበር። የመጨረሻዎቹን ጥያቄዎች ሳታያቸው ተዘጋ።

«ጥያቄውን አውቀዋለሁ፣ እቴቴ። እጄ ነው ያላወቀ።»

ውጤቱ ሲመጣ ለማለፍ ጥቂት ነጥብ ጎደላት። እናቷ ከዐረብ አገር ደውላ «በቃ፣ እኔ ጋ ትምጣ» አለች። ስልኩን ዘጋሁባት። ከዚያ ብዙ ቀን ልጅቷም እኔም በቤቱ ውስጥ እየተላለፍን ኖርን።

ክፍሉ በመስከረም ተመረቀ። በግ ታረደ። መምህርቷን ወደፊት ጠርተው ጋቢ አለበሷት፤ አጨበጨብኩላት፣ የሚገባት ነው። ጥበቃው ከጎኔ ቆሞ «ጅብ ከሄደ...» ብሎ ጀመረና ተወው።

እኔ ግን አንድ ነገር መጠየቅ ነበረብኝ። በሳምንቱ የዞን ቢሮ ሄድኩ። አዲሱ ኃላፊ ወጣት ነው፤ ስገባ ብድግ ብሎ ወንበር አቀረበልኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ አረቄውንም፣ የሞተውን ማውስም፣ ያወጣሁትን እጅም። «የልጅቷን ፈተና መልሱልኝ አልልም። ዘጠኝ ወር ያስጠበቃችሁን ለምን እንደሆነ ብቻ ንገሩኝ» አልኩ።

አላቋረጠኝም። ጸሐፊዋን ጠርቶ ፋይሉን አስመጣ። የትምህርት ቤቱን የግብዣ ደብዳቤዎች አንድ በአንድ አነበበ፤ ከቢሯቸው የወጡትን መልሶችም አነበበ፤ ወደ እኔ አዙሮ በጣቱ እያሳየ አስነበበኝ። አልቸኮልኩም፣ ፊደሉን ቆጥሬ ነው ያነበብኩት። «በዕለቱ መገኘት ስለማንችል ይቅርታ እንጠይቃለን» ይላል። ሁሉም እንደዚያ ነው።

ፋይሉን ዘጋና እጁን በላዩ ላይ አደረገ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የመለሰልኝ።

«እማማ፣ እኛ እኮ ጠብቁን አላልንም።»