ስኒ ማንኳኳት

ዳመና ከአሪ ተራሮች ሲወርድ ሰው ያሰጣውን ልብስ ለማንሳት ይሮጣል። እኔን ሥራዬ ይናፍቀኛል። ሥራዬ እላለሁ እንጂ ሥራም አልነበረም፤ ኢንተርንሺፕ ነው፣ ሁለት ወር፣ እዚሁ ጂንካ ከመብራት መስመር ጠጋኞች ጋር።

የመመረቂያ ጽሑፌ የመብረቅ ኤሌክትሪክ አየርንና ስኒን እንዴት ጥሶ እንደሚያልፍ ነው። ስኒ የምንለው ሽቦውን ከምሰሶው ለይቶ የሚይዘውን ሸክላ ነው። ዩኒቨርሲቲያችን ያን ያህል ቮልቴጅ በቅጽበት የሚለቅ ማሽን ስለሌለው ሁሉንም በኮምፒውተር አሰላሁት። አንድም ብልጭታ ሳላይ ኤ አገኘሁ። እስካሁን ያናድደኛል።

የቡድኑ አለቃ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። እኔ "ጋሼ" እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ለማሾፍ "ኢንጂነሯ" ይሉኛል። አንድ ቀን ስኒ ልንሰቅል ተራራው ላይ ወዳለችው ገዘር ስንወጣ ሰዎቹ የስኒውን ሣጥን ለሙዝ ፈልገውት፣ ስኒዎቹን እንዲሁ ፒካፑ ላይ ዘረገፏቸው። በዚያ መንገድ! እስክንደርስ ሲጋጩ ነበር።

እንደወረድን አንድ በአንድ በጣቴ አንጓ አንኳኳኋቸው። እናቴ ቅዳሜ ገበያ ድስትና እንስራ ትሸጣለች፤ የተሰነጠቀ ሸክላ በድምፁ እንደሚታወቅ ያሳየችኝ እሷ ናት። አንዱ እንደ ሌሎቹ አልጮኸም፣ ታፈነ።

"ጋሼ፣ ይሄ አይሰቀል።"

አገላብጠው አዩት። "ምን አለው? እንደ ሙሽራ ያበራል እኮ።"

"ውስጡ ተሰንጥቋል።"

"ገበያ የወጣሽ መሰለሽ እንዴ? ወጥ አንሠራበትም!"

ሳቁብኝ። ሰቀሉት።

በሦስተኛው ቀን መብረቅ መታና መስመሩ ጠፋ። ያ ስኒ ሲወርድ መሃሉ ላይ መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ አለው።

"አየር ቢጣስ ወዲያው ይገጥማል፤ ሸክላ ግን አንዴ ከተበሳ አለቀለት" አልኩ። አፌ አያርፍም።

ጋሼ የቀሩትን ስኒዎች በእግራቸው ወደ እኔ ገፉና "በይ አንኳኪ" አሉ።

ከዚያ በኋላ እኔ ያልነካሁት ስኒ አልተሰቀለም። ምሰሶው ላይ ያለው ሰውዬ "ተነካ?" ብሎ ይጮሃል፤ እኔ ከታች "ተነካ!" እላለሁ። የምትናፍቀኝ ያቺ ቃል ናት።

ከተመረቅኩ ስምንት ወር ሆነኝ። የሥራ ማስታወቂያው ሁሉ ሁለት ዓመት ልምድ ይላል። ሳይቀጥሩኝ ልምዱን ከየት ላምጣው?

ትናንት ከሰዓት በኋላ ዘነበና የሰፈራችን መብራት ጠፋ። ሮጬ ወጣሁ። ጋሼ ምሰሶው ሥር ቆመዋል። ተጠጋሁ።

"ኢንጂነሯ፣ ሄልሜት የለሽም፣ ወደ ኋላ በይ።"

"ጋሼ፣ ቦታ ከተከፈተ..."

"ቀጣሪው እኔ ነኝ?" አሉ ሳያዩኝ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ "እኔ ብሆን እስካሁን ቤትሽ ትቀመጪ ነበር?"

ከጎረቤቶቻችን ጋር ዳር ቆምኩ። መብራት ሲመጣ ሁሉም እየጮኸ ወደ ቤቱ ገባ። እኔ ፒካፑ ታጥፎ እስኪሰወር ድረስ ዝናቡ ውስጥ ቆሜ አየሁት።