አልዞርም ያለች ማዞሪያ

ስማርት ሰዓቱን ያመጣልኝ ወንዱ ልጄ ነው። ባለፈው ክረምት ደም ግፊቴ ከፍ ብሎ በር ላይ አዙሮኝ ከተቀመጥኩ ወዲህ እሱም እህቱም ሰላም አልነበራቸውም። አባታቸው ካረፈ በኋላ ቤቴል ባለው ቤታችን ብቻዬን እኖራለሁ፤ ግቢዬ ውስጥ ቆጮ እያዘጋጀሁ ለአካባቢው ክትፎ ቤቶች አቀርባለሁ። ልጆቼ ሁለቱንም እንድተው ይፈልጉ ነበር። ቤቱ ይከራይ፣ ቆጮው ይቅር፣ እኔም የወንዱ ልጄ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ልቀመጥ። እኔ ደግሞ በቁሜ ከዚህ ግቢ አልወጣም ብያለሁ። ሰዓቱ የመጣው ለማስታረቂያ ነው፤ እሱን ካሰርኩ እነሱ አርፈው ይተኛሉ፣ እኔም በቤቴ እቆያለሁ ተባለ።

የራሱ ሲም አለው። እርምጃዬን፣ እንቅልፌን፣ የልቤን ምት እየቆጠረ ልጆቼ ስልክ ላይ ይልካል። በጎኑ ምስር የምታህል ማዞሪያ አለችው፤ ገጹ የሚቀያየረው እሷን ሲያሽከረክሩ ብቻ ነው። ልጄ ሁለት ጊዜ አሳይቶኝ «ገባሽ እማዬ?» አለኝ። ገብቶኛል። ያልተዋጠልኝ ሌላ ነገር ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተቀምጠን እያወራን፣ የሰዓቱ ቀስቶች ስምንት ሰዓት ይላሉ።

«በፈረንጅ ስለሚቆጥር ነው፤ ስድስት ቀንሺለት» አለኝ።

ለምን ብዬ ነው የምቀንስለት? ዕድሜዬን ሙሉ ጎህ ሲቀድ አስራ ሁለት ብዬ የቆጠርኩ ሴትዮ፣ በገዛ ክንዴ ላይ ያለ ሰዓት ለማንበብ ሒሳብ ልሠራ ነው? እሱ እንደወጣ ማስተካከያውን ፈልጌ አገኘሁት። የከተሞች ዝርዝር አለ። ማዞሪያዋን ባሽከረከርኩና ከተማ በለወጥኩ ቁጥር ቀስቶቹ ቦታ ይቀይራሉ። ግድግዳዬ ላይ ካለው ሰዓት ጋር እስኪገጥሙ ድረስ አላቆምኩም። የገጠሙት ከውቅያኖስ ማዶ ባለች፣ ስሟን በቅጡ በማላነባት ከተማ ላይ ነው። እዚያው ተውኩት። ለማንም አልነገርኩም፤ ሰዓቴን አስተካከልኩ ብሎ የሚደውል ማን አለ?

ቆጮ ሲጨመቅ እጅ እስከ ክንድ ነው የሚገባው። ሰዓቱን አውልቄ እንዳልሠራ፣ ባወለቅኩት ቁጥር ሴቷ ልጄ ከዘነበወርቅ ትደውላለች። «እማዬ፣ ልብሽ አይታይም!» ብላ ትጮሃለች። ልቤማ ደህና ነበር፣ እሷ እስክትጮህ። ስለዚህ እንዳሰርኩት እሠራለሁ። ሊጡ ማዞሪያዋ ሥር እየገባ ደረቀና አንድ ቀን ከነጭራሹ አልዞርም አለች። በአውራ ጣቴ ሞከርኩ፣ በጥፍሬ ሞከርኩ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ሞከርኩ፤ ንቅንቅ የለም። እንደ ድሮ ሰዓት ሳብ ትደረግ ይሆን ብዬ ጎተትኳት፤ ያቺ ደግሞ የምትሳብ ዓይነት አይደለችም። በመጨረሻ ቅቤ ቀባኋት። እዚህ ላይ አጠፋሁ፤ ሊጡ ከቅቤው ጋር ተለውሶ ሲሚንቶ ሆነ። ቀስቶቹ ስለሚሠሩ ሰዓቱን አውቃለሁ፤ ሌላው ገጽ ግን ተዘጋብኝ። ልጆቼ ስለኔ የሚያዩትን እኔ ማየት አልችልም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ጠባያቸው ተለወጠ። ሴቷ ልጄ ከሰዓት በኋላ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ደውላ በሹክሹክታ «ቀሰቀስኩሽ እንዴ?» ትለኛለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ማን ይተኛል? ወንዱ ደግሞ ወሬ መሃል ድንገት «ዛሬ ግን ቀኑ ምንድን ነው?» ይለኛል። አንዴ መለስኩለት። ሁለተኛ ሲጠይቀኝ «ስልክህ ላይ የለም?» አልኩት።

አንድ ረቡዕ ከሥራ ወጥቶ መጣና ሳይቀመጥ ተናገረ።

«እማዬ፣ ሌሊት ሌሊት ትወጫለሽ።»

«የት ነው የምወጣው?»

«የት እንደሆነማ አናውቅም። እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ተነስተሽ ሦስት ሺህ እርምጃ ትሄጃለሽ። በየቀኑ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ትተኛለሽ፣ ከሌሊቱ አምስት ትነቂያለሽ።»

ሣቄ መጣ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እንደምተኛ፣ ጠዋት አስራ ሁለት ተኩል ላይ ሐኪም እንዳዘዘኝ እስከ ታክሲ ፌርማታው ወርጄ እንደምመለስ ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና «እሱማ አንቺ የምትዪው ነው» አለ።

ይቺ ቃል እስከዛሬ ታመኛለች። ያሳደግኩት ልጅ የኔን ቃል ከሰዓት ቃል አሳንሶ አየው። ቀጥሎ ክንዴን ያዘና ገጹን ሊያሳየኝ ማዞሪያዋን ነካ፤ አልዞርለት አለች። «ይሄንንም አበላሸሽው» አለና ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አባዬም እኮ እንዲህ ነበር የጀመረው።»

እውነት ነው። አባታቸው በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት የመርሳት በሽታ ይዞት ነበር፤ ሌሊት በፒጃማ ወጥቶ ሳንሱሲ አካባቢ ሰዎች አግኝተው መልሰውታል። ልጄ እሁድ አጎቱን ይዞ እንደሚመጣና ጓዜን ማዘጋጀት እንዳለብኝ ነግሮኝ ሄደ።

ከሁሉ የከፋው እኔም ራሴን መጠርጠሬ ነው። ባለቤቴ ጠዋት ተነስቶ የትም አልሄድኩም ሲል እኮ እውነት ነበር የሚመስለው። እኔስ? ማታ ስተኛ በሩ ላይ ወንበር አስደግፌ ተኛሁ። ጠዋት ወንበሩ ባስቀመጥኩበት አለ። በማግሥቱም እዚያው። እፎይ ብዬ ሳልጨርስ ንዴቱ መጣ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነውና ሰዓቱን ቦይ ውስጥ ልወረውረው አወለቅኩት። ግን ብወረውረው «ሰዓቱንም ጣለችው» ነው የሚሉኝ። የለም፤ የተከሰስኩበትን ገጽ በዓይኔ አያለሁ አልኩ።

አርብ ዕለት አየር ጤና ወረድኩና ስልክ ጠጋኝ ጋ ገባሁ። ጎረምሳው በወረንጦ ነካ ነካ አደረጋትና «ማዘር፣ ይቺ ደርቃለች። ብታገላት ትነቀላለች። ሌላ ይግዙ» አለኝ።

«ሌላ አልፈልግም። እንዴት እንደሚጸዳ ንገረኝ።»

«ሙቅ ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ነው። ግን ጊዜ ይፈጃል፣ እኛ አንሠራውም።»

«ጊዜ አለኝ» ብዬው ወጣሁ።

ቅቤውን ለማስለቀቅ ለብ ያለ የሳሙና ውሃ በሲኒ አቀረብኩ። ሰዓቱን ነከርኩት፣ ባረጀ የጥርስ ብሩሽ ዙሪያውን ፈተግኩት፣ ደረቀ፣ እንደገና ነከርኩት። ብሩሹ ሥሯ አልደርስ ሲል ከቆጮው ከለቀምኩት ቃጫ አንድ ዘለላ መዘዝኩ። ቀጭን ነው፣ ግን አይበጠስም። ማዞሪያዋ ሥር አሾልኬ ወዲያና ወዲህ ሳብኩት። ነጭ ሊጥ ይዞ ወጣ። ቅዳሜ ረፋዱን በሙሉ እንዲህ ዋልኩ፤ ጎረቤቴ በአጥር አይታኝ «ደግሞ ምን እየሠራሽ ነው?» ብትለኝ «ጠበቃዬን እያጠብኩ» አልኳት። ስምንት ሰዓት ገደማ ማዞሪያዋ ጣቴ ሥር ትንሽ ሸተት አለች። ደግሜ ገፋሁ፣ ዞረች። ብቻዬን ግቢ ውስጥ እልል አልኩ።

ገጹን ከፈትኩ። እርምጃዬ እንደ አጥር እንጨት ተደርድሯል፤ ረጃጅሞቹ አስራ ሁለትና አንድ ሰዓት ላይ ናቸው። እንቅልፌ ከሦስት እስከ አስራ አንድ። ሁሉም ልክ ነው። ሰዓቱ እኔ ያልኩትን ነው የሚለው። ታዲያ ልጆቼ የሚያዩት የማንን እርምጃ ነው? አልገባኝም፤ ግን ከዚያ ወዲያ ወንበር ደገፍ ሳላደርግ ተኛሁ።

እሁድ ከምሳ በኋላ መጡ። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ከልጆቼ መሃል ተቀምጦ ስለ ዕድሜና ስለ ጤና ረጅም ምክር ጀመረ። እስኪጨርስ አልጠበቅኩም። ክንዴን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና ወንዱን ልጄን «ስልክህን አጠገቡ አድርግ» አልኩት።

አደረገ። እኔ ማዞሪያዋን አሽከረከርኩ፤ ያን ገጽ አወጣሁ። ሁለቱም ላይ ያሉት እንጨቶች አንድ ናቸው፣ ቁጥሩም አንድ ነው።

«ይኸው፣ አስራ ሁለት ከአርባ ላይ መንገድ ላይ ነሽ» አለ።

«ታዲያ! ፀሐይ ወጥታለች።»

«እማዬ፣ ይሄ በፈረንጅ እኮ ነው። አስራ ሁለት ከአርባ ማለት እኩለ ሌሊት አልፎ ነው።»

ያኔ ገባኝ።

«የኔ ሰዓት በፈረንጅ አይቆጥርም» አልኩት። «ያመጣህልኝ ቀን ነው ወደኛ ያዞርኩት።»

ክንዴን ሳበና ቀስቶቹን አየ። ስምንት ከአስር። ግድግዳውን አየ፤ ስምንት ከአስር። ስልኩን አየ፤ ሁለት ከአስር። ይህን ሰዓት ክንዴ ላይ ስንቴ አይቶታል! ስምንት ሰዓት ላይ ስምንት የሚልን ሰዓት የትኛው ሐበሻ ይጠረጥረዋል?

አጎታቸው እስኪያስለው ሣቀ። «እትዬ፣ ለካ ክንድዎን ሌላ አገር ልከውት ነው!» አለኝ። ሴቷ ልጄ እየሣቀች አለቀሰች። ወንዱ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነበት። «ቢሆንም» አለ፣ «አሁን ደህና ነሽ ማለት ነገም ደህና ነሽ ማለት አይደለም። ፎቁ ላይ ብትሆኚ በዓይናችን ሥር ትሆኛለሽ።»

«ሦስት ሌሊት በሬ ላይ ወንበር አስደግፌ ነው የተኛሁት» አልኩ። «እናንተ እንዲያ ስላላችሁኝ ራሴን ጠርጥሬ። እንደ አባታችሁ ሆንኩ ብዬ።»

ሣቁ ቆመ። «ፈርተን ነው እማዬ» አለች ሴቷ ልጄ።

«ፍሩ። የወለደም የተወለደም ይፈራል። ግን አንድ ወር ሙሉ ስትፈሩ 'እማዬ፣ ትናንት የት ነበርሽ?' ብሎ የጠየቀኝ አለ? አፍ አለኝ እኮ። እናንተ የጠየቃችሁት ይሄን ሰዓት ነው።»

ሰዓቱን አወለቅኩና ለወንዱ ልጄ ዘረጋሁለት።

«እንካ እሰረው። አንድ ሳምንት ብቻ። ማታ ስንት ሰዓት እንደምትገባ፣ የት እንደምታመሽ፣ ልብህ መቼ መቼ እንደሚመታ እኔም ስልኬ ላይ ልይልህ። እኔም እናት ነኝ፣ እፈራለሁ።»

ሰዓቱን አየው። እህቱን አየ፤ እህቱ መሬት መሬት አየች። ቀስ ብሎ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

አጎታቸው ኮቱን አንስቶ ቆመ። «በሉ ተነሱ» አላቸው፣ «ሴትዮዋ ነገ በማለዳ ሥራ አላቸው።»