ኦርጋኑ ውስጥ የነበረው የሙሽራዋ ዘፈን

ይህ ነገር መጻፍ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው አልሞተበትም፣ ቤት አልተቃጠለበትም። አንድ አሮጌ ኦርጋን ገዛሁ፣ ጠገንኩት፣ በቃ። ለዶርም ጓደኞቼ ማውራት ስጀምርም "እና ምን ይጠበስ?" ብለው ሳቁብኝ። እኔ ግን እስከ ዛሬ በአዘዞ በኩል ሳልፍ አንገቴን እደፋለሁ። ስለዚህ ለራሴም ቢሆን ልጻፈው።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ዘንድሮ ነው። ከትምህርት ውጭ የምወደው ነገር ያረጀ የሙዚቃ ዕቃ ገዝቶ መጠገን ነው። ኅዳር ላይ አዘዞ ያሉ አንድ የሠርግ ዘፋኝ ኦርጋናቸውን ሊሸጡ ነው ሲባል ሰማሁና ሄድኩ። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን በሙሉ ሠርግ ቤት ሲጫወቱ የኖሩ ናቸው። አሁን ግን እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ቁልፎቹን መምታት አይችሉም። ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ነበርና ለድግሱም ገንዘብ አስፈልጓቸዋል።

"የማን ልጅ ነህ?" አሉኝ።

አባቴ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ መሪጌታ መሆናቸውን ነገርኳቸው።

"የመሪጌታ ልጅ ኦርጋን ሊገዛ! ምነው፣ ከበሮው አልበቃህ አለ?"

"አባቴ ያውቃሉ፣ አያ።"

"ካወቁማ ሸጋ። ብቻ ማሕሌት ሲቆሙ ላጅብዎ እንዳትላቸው!"

ከዚያ አንድ ቁልፍ ተጭነው ዘፈን አሰሙኝ። ምቱንም፣ የክራሩንም ድምፅ፣ ሁሉን ራሳቸው ተጫውተው ያስቀመጡት ነው። "ይኸ የልጄ ነው" አሉ። "እጄ ሳይብስብኝ ብዬ እዚህ ውስጥ ከተትሁት። ለመልሷ ቀን እሱ ይጫወታል፣ እኔ እዘፍናለሁ። ድምፅ እንቢ ያሉትን ቁልፎች አስተካክልና ለመልሱ ይዘኸው ና። ከዚያ ወዲያ ያንተ ነው።" ብሩን ከፍዬ ቃል ገባሁና ኦርጋኑን ይዤ ወጣሁ።

የጠየቁኝ ጥቂት ቁልፎች ብቻ ነበር። እኔ ግን ሲያዩት እንዲደነቁልኝ ፈለግኩ። ብሎኑን ሁሉ ፈትቼ ዕቃውን አልጋዬ ላይ ዘረገፍኩት። በየቁልፉ ሥር ያለውን ላስቲክ በአልኮል ጠረግኩ፣ የላላውን ሽቦ በየድኩ፣ የተቀደደውን የድምፅ ማጉያ ወረቀት በሙጫ ለጠፍኩ። ከውስጥ ደግሞ ሳንቲም የሚያህል፣ ዙሪያው አረንጓዴ ዝገት ያወጣ ባትሪ አገኘሁ። ዘፈኑ ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም። አስቤበታለሁ። የስልክ ባትሪ ቢወጣ ፎቶ አይጠፋም፤ ይኸም እንደዚያው ነው አልኩ። አውጥቼ ጣልኩትና ዝገቱን በጥርስ ብሩሽ አጽድቼ አዲስ ተካሁለት። ሲያልቅ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሞከርኩ፤ ሁሉም ጮኹ። ዘፈኑን ብቻ አልከፈትኩትም። የእሳቸው ስለሆነ መጀመሪያ እሳቸው ይስሙት ብዬ ነው።

ከገና በኋላ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በሚኒባስ አዘዞ አደረስኩት። ሙሽራይቱም ቤት ነበረች። አያ ቁልፎቹን በመዳፋቸው ዳበሱና "እንዴት ያለ ጽዳት ነው! እኔን ራሴንም እንዲህ ብታድሰኝ" አሉ። ደስ አለኝ። ከዚያ የዘፈኑን ቁልፍ ተጫኑ። ዝም አለ። ደግመው ሲጫኑ ከፋብሪካ አብሮት የመጣ የፈረንጅ ዳንስ ጀመረ።

"አባዬ፣ ለፈረንጅ ልዳር ነው እንዴ?" ብላ ልጅቱ ሳቀች። የአባቷን ፊት ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው።

"ባትሪውን አውጥቼዋለሁ" አልኩ። ለካ ዘፈኑን ይዞ ያቆየው እሱ ኖሯል።

"የቱን ባትሪ? ማን ክፈተው አለህ?" አለችኝ።

"ተይ አንቺ! ሰው ቤት በእንግድነት መጥቶ እንዲህ ይባላል?" አሏት። ወደ እኔ ዞረው "ዕቃ ነው፣ ልጄ። ዕቃ ይረሳል" አሉኝ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

እንደገና እንሥራው ያልኩት እኔ ነኝ። ከክፍል ስወጣ እየሄድኩ እሳቸው በአፋቸው ያዜሙታል፣ እኔ ቁልፉን እየፈለግኩ እጫናለሁ። "እዚያ አይደለም፣ ዝቅ በል። አሁን ወጣህ። ኧረ ተመለስ!" ይሉኛል። እጃቸው እየሄደ ሊያሳየኝ ይሞክርና ሲንቀጠቀጥ መልሰው ከጋቢያቸው ሥር ይከቱታል። እኔ ያንን ላለማየት ሽቦ የማስተካክል እመስላለሁ።

መሐል ላይ ዘፈኑ የሚቆምበት ቦታ አለ። "እዚህ ጋ ከበሮው ብቻውን ይሂድ፤ ሴቶቹ እልል ይሉበታል" አሉኝ። ክፍሉ ውስጥ ከሦስታችን በቀር ማንም አልነበረም። ባዶው ከበሮ ረዘመብኝ፤ የተሳሳተ መሰለኝ።

"አይበዛም፣ አያ?"

ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱ። "አንተ ካልህ ይጠር።"

"አባዬ፣ ድሮ ይረዝም ነበር እኮ" አለች ልጅቱ።

"ተይው፣ ደክሞታል። ከከተማ ድረስ ነው የሚመጣ።"

አሳጠርኩት። ሰውየው እኔን ላለማስቀየም ብለው እሺ ማለታቸው ያን ጊዜ አልገባኝም። በሥራዬ የተስማሙ ነው የመሰለኝ።

የመልሱ ቀን ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ሙሽሮቹ ገብተው ተቀመጡ። አያ ነጭ ለብሰው ማይክሮፎኑን ይዘው ተነሡ፤ እኔ ከኦርጋኑ ኋላ ቆሜ ቁልፉን ተጫንኩ። ድምፃቸው እንደዚያ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ልጃቸው መሬት መሬት እያየች ታለቅስ ጀመር። ከዚያ መሐሉ ደረሰ፣ ክራሩ ቆመ፣ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ትቀበላለች። ከበሮው ግን ያሳጠርኩት ቦታ ላይ አበቃና ክራሩ በእልልታው ላይ ገባ። አያ አፋቸውን ከፈቱ። ድምፁ ግን ቀድሟቸው ሄዷል። ሊደርሱበት ሞከሩ፣ አንድ ስንኝ ዘለሉ፣ እንደገና ሳቱት። እኔ የቱን ቁልፍ ብጫን እንደሚጠብቃቸው አላውቅም። ማይክሮፎኑን ቀስ ብለው ከአፋቸው አወረዱት። የቀረው ዘፈን ያለ ሰው ድምፅ ብቻውን ተጫውቶ አለቀ።

ሕዝቡ እንዲህ የሚያልቅ ዘፈን መሰለውና አጨበጨበ። አያ ወደ እኔ አመለከቱ። "ይኸን ኦርጋን ያደሰልኝ ይኸ ልጅ ነው። የመሪጌታ ልጅ ነው፤ አመስግኑልኝ!" አሉ። አንድ የሙሽራው አጎት እየጨፈሩ መጥተው የብር ኖት ግንባሬ ላይ ለጠፉልኝ። ላወርደው አልቻልኩም፤ ሰውየውን ማሳፈር ይሆናል። ሙሽራይቱ ቀና ብላ ያንን ብር ታየው ነበር።

እንግዳው ሲሳሳ አያ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። "እንደገና እናስተካክለው፣ አያ?" አልኳቸው።

"ለማን?" አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። "እሷ እንደሁ ሄደች። በል አጥፋውና እህል ቅመስ።"

አጠፋሁት። ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ እሑድ ነበር።