ስለ አንድ ቃል ጉንጬን ያሰርሁበት ሳምንት

ይህ የደረሰብኝ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ ጣሊያን ከወጣ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖት፣ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተምሬአለሁ፤ ብዙም አስተምሬአለሁ። ይሁን እንጂ ስለ ሰው ቋንቋ ካወቅሁት ዋናውን ያገኘሁት ድሬዳዋ ውስጥ፣ በአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ፣ አፌን ታስሬ ስለ ሆነ ዛሬም አልረሳውም።

አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ሲዛወር እኔ ትምህርት ላይ ስለ ነበርሁ ከተማይቱን የማውቃት በዕረፍት ጊዜ ብቻ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ርእስ ግን እርስዋን የሚመለከት ነበር፤ «ኮት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በድሬዳዋ ሰዎች አፍ ምን መልክ እንደ ያዘ ማጥናት። ቃሉ በአገሩ ረጅሙንም አጭሩንም ይጠራል። በእኛ ዘንድ ረጅሙን «ካፖርት» ስለምንለው፣ «ኮት» ለአጭሩ ብቻ ቀርቶአል። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪውስ ምን አድርገውት ይሆን?

በፋሲካ ዕረፍት ኮቴን ለብሼ፣ እርሳሴን ስዬ ዞርሁ። የለበስሁትን እያሳየሁ «ይህን በቋንቋችሁ ምን ትሉታላችሁ?» እያልሁ ጠየቅሁ። ሁሉም «ኮት» አሉኝ። እኔም ቃሉ በሁሉም ቋንቋ ሳይለወጥ ገብቶአል ብዬ በልበ ሙሉነት ጻፍሁ።

መምህሬ ጽሑፉን መለሱልኝ። በኅዳጉ ላይ «ይህ ሁሉ የራስህ ድምፅ ነው፤ ሂድና ስማ» ብለውበታል። በዐሥር ቀን ውስጥ ካላስተካከልሁ ከጓደኞቼ ጋር አልመረቅም። አባቴ ደግሞ «ልጄ ዘንድሮ ይመረቃል» ብሎ ለወርክሾፑ ሰው ሁሉ ተናግሮ ጨርሶ ነበር።

በማግስቱ ወደ ድሬዳዋ በባቡር ወረድሁ። መጋላ በሚባለው የገበያ ሰፈር ያረጀ ኮት ፈትተው፣ የጨርቁን ውስጥ ወደ ውጭ ገልብጠው እንደ አዲስ የሚሰፉ ሐጂ ዑመር የሚባሉ ሶማሌ ነበሩና ወደ እርሳቸው ሄድሁ።

«ሐጂ፣ ይህን በሶማሊኛ ምን ይሉታል?»

«ኮት።»

«በሶማሊኛ ነው የጠየቅሁዎት።»

«ኮት ነዋ! አልሰማህም እንዴ?»

በዚህ መካከል አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ገብቶ በሶማሊኛ አነጋገራቸው። ሲመልሱለት «ኮድካ» የሚል ድምፅ በጆሮዬ አለፈ። ከመቀመጫዬ ዘለልሁ።

«አሁን ኮድካ አላሉም?»

«ለሱ ነዋ! አንተ እንግዳ ነህ። እንግዳን በገዛ አፉ ነው የሚያናግሩት፤ በኔ አፍ ብመልስልህ ነውር አይሆንም?»

ሰው ሁሉ አክብሮኝ ቃሉን ወደ እኔ አማርኛ እየመለሰ ሲሰጠኝ እንደ ከረመ ያን ጊዜ ገባኝ። ችግሬን አንድ ሳላስቀር ነገርኋቸው። መቀሳቸውን አስቀምጠው አሰቡ።

«እንግዲያው ዝም በልና እዚህ ተቀመጥ።»

«ዝም ብልም ሰላምታ ይሰጡኛል። መልስ ስሰጥ ደግሞ ሁሉም ወደ አማርኛ ይዞራል።»

ሐጂ ከገበር ጨርቅ ረዘም ያለ ቁራጭ ቀደዱና ከአገጬ እስከ አናቴ ጠፍረው አሰሩኝ። «ጥርስህን አሞሃል። የታመመ ሰው አያወራም» አሉ።

አምስት ቀን በሰልባጅ ኮት ጆንያ ላይ ተቀምጬ ስፌት ፈታሁ። ደብተሬን ከጉልበቴ ሥር ሸሽጌ የሰማሁትን እጽፋለሁ፤ ያልገባኝን ሱቁ ሲዘጋ ሐጂ ይተረጉሙልኛል። ቃሉ እንደየሰዉ አፍ ይጠብቃል፣ ይላላል፣ ጅራት ያበቅላል። በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከሐርላ መንደር የመጡ አዴ ፋጡማ የሚባሉ ኦሮሞ እናት የባላቸውን ኮት ይዘው ገቡ። ያ ሾፌርና አንድ ሐረሪ ነጋዴም ነበሩ። አዴ ፋጡማ አዩኝና ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ይሄ ልጅ ትናንትናም እንዲህ ነበር ብለውኛል። አፍህን ክፈት፣ ቅርንፉድ ላድርግልህ።»

ሐጂ ሊከለክሉ ሞከሩ። አዴ ፋጡማ ግን ጨርቁን ወደ ታች ስበው መንጋጋዬን በሁለት ጣታቸው ያዙ። ከፈትሁ። ወደ ብርሃን አዙረው መረመሩኝ።

«ዋይ! ይሄማ እንደ ፈረስ ጥርስ ጤነኛ ነው! የቱ ነው ያመመህ?»

በድንጋጤ ስነሣ ደብተሬ ወደቀ። የኮንትሮባንድ ተቆጣጣሪውን ያን ጊዜ «ፊናንስ» ነበር የምንለው። የተቀመጥሁበት ሰልባጅ ሁሉ በጅቡቲ በኩል የመጣ ነውና ሾፌሩ ደብተሩን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ይጽፋል! ሐጂ፣ ፊናንስ ጎልተህ ነው የምትሰፋልን?»

ነጋዴው በሩን ዘጋ። ሐጂ በዚያ ሰፈር የኖሩት በመታመን ነው፤ በእኔ ምክንያት ስማቸው በአንዲት ደቂቃ ሊጠፋ ሆነ። ስለ ራሴ መመረቅ ማሰቤን ተውሁ። ጨርቁን ፈትቼ ተማሪ መሆኔን፣ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የሐጂ አለመሆኑን ተናገርሁ። ማንም አላመነኝም።

ሾፌሩ ፊደል ይለይ ነበርና ደብተሩን አንሥቶ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። «ኮድካ… ኮቲ… ኮቲ ኪያ… ኮት…» ገጹን ገለጠ። ሌላውንም ገለጠ። ቀና ብሎ አየኝ።

«ደብተሩ ሙሉ ኮት ብቻ ነው እኮ! ወላሂ ይሄ ፊናንስ አይደለም፤ እብድ ነው።»

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። አዴ ፋጡማ ቅርንፉዱን ወደ መቀነታቸው እየመለሱ «ለዚህ ነው አፍህን ያሰርከው? አቦ፣ ምስኪን!» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አላቀደውም። ሾፌሩ ቃሉ ከኤደን ባሕረኞች የመጣ የሶማሌ ቃል ነው አለ። ነጋዴው ተቆጣና «ሐረር ኮት የለበሰው እናንተ ሳታውቁት ነው» አለ። አዴ ፋጡማ ሁለቱንም ገሠጹ። ክርክሩ ሲጋጋል አማርኛው ከሱቁ ወጣ፤ እያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው ይጮኻል፣ ሌላው በራሱ ቋንቋ ይመልስለታል፣ ሁሉም ይግባባሉ። ሐጂ በዓይናቸው «ጻፍ!» አሉኝ። እኔም በግልጥ፣ በጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ጻፍሁ።

ጽሑፌ በጊዜው ደረሰ፤ ተመረቅሁም። መምህሬ ሰዎቹን እንዴት አድርጌ እንዳናገርሁ ቢጠይቁኝ የጥርስ ሕመሙን ለመናገር አፍሬ «በትዕግሥት» ብዬ አለፍሁ።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ እንግሊዝኛ ቀላቅለው ሲያወሩ ሰዎች እንድቆጣ ይጠብቃሉ። እቆጣለሁም፤ ጠባዬ ነው። ነገር ግን አስቀድሜ እሰማቸዋለሁ፤ አንዳንዱን ቃል የእኛ ሊያደርጉት እንደ ጀመሩ ከአጠራራቸው አውቃለሁና ተስፋ አደርጋለሁ።

የመጋላን ሰዎች ሳስብ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። የሚጠረጥሩበት በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ ከደጅ ቢያባርሩኝም አይፈረድባቸውም ነበር። በዚያን ቀን ግን ለአንድ ሰዓት ያህል ማንም ስለ እኔ ብሎ አፉን አልለወጠም። በብዙ ቤት በክብር ተቀብለውኛል፤ እንግድነቴን እንዲህ የረሱልኝ ግን እዚያ ብቻ ነው።