የጋሽ ሰይድ ወኪል

«የወኪሉ ስም ማነው?» አሉኝ ጋሽ ሰይድ፣ ዓይናቸውን ከስልኬ ሳይነቅሉ።

«ድርጅት ነው፣ ጋሼ። ጃፓን ሆኖ በእኛ ስም የሚጫረት።»

«ስሙን የማላውቀውን እንዴት ወከልኩ?»

ቪከሪ ሜዶ በሚባል የአሜሪካ ሰፈር ውስጥ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታሞች ነን። ጨረታው ለአንድ አሮጌ ቴፕ ነበር፤ ሲጋቡ ለሚስታቸው ለእትዬ ዘይነባ የገዙላቸው ዓይነት። ያኛውን ወደ አሜሪካ ሲመጡ ኮምቦልቻ ላይ ሸጠውታል።

«እሷ ሳታለቅስ ሸጠችው» አሉኝ። «ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ሳትሰማ ነው የማመጣላት።»

ጨመርን። ወዲያው አንድ ሰው በለጠን። እንደገና ጨመርን። ይሄኔ ከግድግዳው ማዶ እትዬ ዘይነባ ልጃቸውን ሲያጣድፉ ሰማሁ።

«ሀያት፣ ይሄ ሰውዬ በለጠን እኮ። ጨምሪ እንጂ፤ ለአባትሽ ቴፑን ሳልገዛለት አላድርም።»

«ኦኬ፣ እማዬ።»

ስልኬ ላይ ዋጋው ከፍ አለ። ጋሽ ሰይድ ጆሯቸው ደከም ስላለ ምንም አልሰሙም።

«ጨምር።»

«ጋሼ፣ ይተዉለት።»

«ለማን?»

«ለሌላው ሰው። እሱም አጥብቆ ፈልጎታል።»

«ጉድ እኮ ነው። የጃፓኑ ወኪል እሺ ሲለኝ የጎረቤቴ እምቢ ይበለኝ?»

ጣቴን ከስልኩ ላይ አነሳሁ። ሰዓቱ አለቀ፤ ተሸነፍን። ጋሽ ሰይድ ጫማቸውን አጠለቁ።

«አልሆነላትም» አሉ፣ ለራሳቸው።

እስከ ደጃቸው ሸኘኋቸው። ሳያንኳኩ እትዬ ዘይነባ ከፈቱላቸውና የሀያትን ስልክ ፊታቸው ላይ ዘረጉት። ጋሽ ሰይድ ስልኩን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ፣ ዞረው እኔን አዩ፤ በሩም ተዘጋ።