የፀዳለ መኪና ውሃውን የት ታደርሰዋለች?

የፀዳለን አሮጌ መኪና የማያውቅ የአትላባራ ሰፈር ሐበሻ የለም። እኔን ማህደርን ጨምሮ የሰፈሩን ሴቶች ጠዋት ወደ ቢሮ፣ ማታ ወደ ቤት የምታመላልሰን በእሷ ነው። ከዚያ በፊት ፀዳለ እዚሁ ጁባ፣ ሰው ሆቴል ውስጥ ትሪ ስትሸከም ኖራለች። መኪናዋን የገዛች ቀን መሪው ላይ ተደፍታ ማልቀሷን ራሷ እየሳቀች ታወራለች። ስትነዳ መዝሙር አታቋርጥም፤ ድምጿ ግን፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ከጥሩምባው አይሻልም።

በዚህ ወር መኪናዋ መፍላት አመጣች። ጠዋት የተሞላው ራዲያተር ማታ ጎድሎ ይገኛል። መሬት ላይ ጠብታ የለ፣ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ የለ። የቸርች እህቶች ኮፈኑ ላይ እጅ ጭነው ጸለዩ። መካኒኳ ባልቻ ግራ ቢገባው "ሞተሩ ይከፈት" አላት። ለዚያ አቅም የላትም። ቆርጣ ለመኪና ነጋዴው ለያህያ ልትሸጣት ተስማማች፤ ሰኞ ወደ ሆቴሉ ልትመለስም ቃል ገባች።

ቅዳሜ ልታስረክብ ስትሄድ አብሬያት ወጣሁ፤ ብቻዋን እንድትሄድ አንጀቴ አልቻለም። ገና ኮሎሎ መንገድ ሳንደርስ ካልሲዬ ራሰ።

"ዛሬም እግሬን ልታጥቢው ነው?" አልኳት።

እስከዛሬ መልሷ "የኤሲ ውሃ ነው፤ በዚህ ሙቀት ቢቀዘቅዝሽ ምን ጎደለብሽ?" ነበር። ጁባ ውስጥ ኤሲው የማያንጠባጥብ መኪና ስለሌለ እኔም አምኛት ኖሬያለሁ።

አሁን ግን ድንገት ዳር ይዛ ቆመች። "ማሂ! ሞተሩ እንዳይግል ብዬ ኤሲውን ካጠፋሁት እኮ ሰነበትኩ! ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?"

ሁለታችንም ምንጣፉ ላይ ተደፋን። ጣቷን ነክራ አሸተተች። አረንጓዴ ነው፣ ያጣብቃል፣ ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል። ኩላንት፣ የራዲያተሩ ውሃ! እኔ በደስታ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ፤ እሷ ስልኩ ላይ ትጮሃለች፤ "ባልቻ! ወደ ውስጥ ነው የሚያፈሰው!"

ባልቻ በቦዳቦዳ ሞተር እየከነፈ መጣ። "የማሞቂያው ራዲያተር!" ብሎ ግንባሩን መታ። ከዳሽቦርዱ ሥር የተሸጎጠች ትንሽ ራዲያተር ናት፤ ማሞቂያው ባይከፈትም የሞተሩ ውሃ በውስጧ ያልፋል። ጁባ ላይ ማሞቂያ ከፍቶ የሚያውቅ ማን አለና ትዝ ይበለው! ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ ወደ እሷ የሚሄዱትን ሁለት ቱቦዎች ነቀለ፤ በቁራጭ ቧንቧ እርስ በርስ አገናኝቶ በብረት ማሰሪያ፣ በፋሼታ ጥርቅም አድርጎ አሰራቸው። ዋናውን ራዲያተር ሞልቶ አየሩን አስወጣ።

ኮሎሎን ዞርን፣ ደግመን ዞርን። የሙቀት መለኪያው መሃል ላይ ቀጥ አለ። ፀዳለ ጮኸች፣ እኔ ጮህኩ፣ ከኋላ የተቀመጠው ባልቻ ጮኸ። ያህያ "የት ደረስሽ?" ብሎ ሲደውል "ማሌሽ፣ ይቅርታ ያህያ፣ የሚሸጥ መኪና ማፊ፣ የለም!" ብላ ዘጋችበት።

ከዚያ መኪናዋን አቁማ ወደ ሆቴሉ ደወለች። አስተዳዳሪዋ "ሰኞ ስንት ሰዓት ትገቢያለሽ?" ስትላት ሰማሁ። ፀዳለ በአንድ እጇ መሪውን ጭምድድ አድርጋ ይዛለች፤ እንባዋ ይወርዳል።

"ሰኞ አይመቸኝም እህቴ" አለቻት። "ሥራ አለብኝ።"