ስም አይጻፍ

ሥነ ልቦና ተምሬ ደባርቅ ስመለስ አንድ መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ቀጠረኝ። ኃላፊያችን ከሥልጠና መጥቶ ነበርና «የሠራተኛው እርካታ ይለካ» አለኝ። ይህን ሰውዬ ዛሬም አልወደውም። ሰው ሰላም ሲለው ዓይኑን ከስልኩ የማያነሣ ሰው ስለ እርካታ ሲያወራ መስማት ያንገሸግሻል። እኔ ሞኙ ግን የተማርሁት ሥራ ላይ ሊውል ነው ብዬ ደስ አለኝ። መጠይቁን አዘጋጀሁ፤ ሠራተኛውንም ሰብስቤ «ስም አይጻፍ፤ ማን ምን እንዳለ ማንም አያውቅም» አልሁ።

መዝገብ ቤት የሚሠሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ስለነበሩ፣ አሁንም በደብራቸው ማሕሌት ስለሚቆሙ ሁላችንም «የኔታ» እንላቸዋለን። ሌላው ሠራተኛ እዚያው ቆሞ ምልክት ምልክት አድርጎ ሲመልስ፣ እሳቸው ወረቀቱን ቤታቸው ወስደው በማግሥቱ አመጡት።

ስም የለበትም። ግን መጀመሪያው በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ፊደሉ የብራና ፊደል ነው፤ በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ አለ። «ከጃናሞራ፡በእግሩ፡የመጣ፡ገበሬ፡በር፡ላይ፡ቆሞ፡ይውላል። ኃላፊው፡ነገ፡ና፡ይሉታል። በነጋታውም፡ነገ፡ና፡ይሉታል። እኔ፡መዝገቡን፡ይዤ፡አፍራለሁ።»

ያን ቀን ገልብጬ ብተይበው ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። ኮምፒዩተሩ ፊቴ ነው። ኃላፊው «ዋናዎቹን ወረቀቶች አምጣቸው» ሲለኝ ግን እንዳሉ ወስጄ ሰጠሁት። ማን እንደጻፈው ይለያል ብዬ አልጠረጠርሁም እያልሁ ለሰው አውርቻለሁ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ፈርቼው ነው።

አንዷን ወረቀት አንሥቶ አየና ሳቀ። «እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ በዚህ ቢሮ ስንት ሰው አለ?» አለኝ።

በሳምንቱ የኔታ ወደ አዲ አርቃይ ተዛወሩ። ደብዳቤው «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ይላል። በዚያ ዕድሜ ቆላ መውረድ፣ ያውም ከደብራቸው ተለይተው።

ሊሰናበቱኝ መጡ። ይቅርታ መጠየቅ ሲገባኝ ጭራሽ ተቆጣሁ።

«የኔታ፣ እንደ ሌላው ሰው ምልክት አድርገው ቢመልሱ ምን ነበረበት? ለምን ያን ሁሉ ጻፉ?»

«ማንም አያውቅም ያልኸን አንተ ነህ፣ ልጄ። የተማረ ሰው አይዋሽም ብዬ ነው» አሉና ጃንጥላቸውን አንሥተው ወጡ።

በዓመቱ መጠይቁን ደገምነው። ሁሉም ወረቀት «በጣም ረክቻለሁ» የሚለው ላይ ምልክት ተደርጎበት ተመለሰ። ኃላፊው በስብሰባ መካከል አስነሥቶ አስጨበጨበልኝ። «ሥነ ልቦና ማለት እንዲህ ነው» አለ። እኔም ቆሜ እጅ ነሣሁ።